የሌለችው ጭብጨባ

እሪ በከንቱ ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። «ባለ ጭብጨባው የት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ጫማ የሚሰፋውም፣ የሞባይል ካርድ የሚሸጠውም በአገጩ በሬን ያሳያችኋል።

ሙያዬ ሙዚቃ ማቀናበር ነው። ዘፋኙ ግጥምና ዜማውን ይዞ ይመጣል፤ እኔ ኮምፒውተሬ ላይ ከበሮውን፣ ቤዙን፣ ክራሩን እየደረደርኩ ዘፈን አደርግለታለሁ። እርግጥ ከበሮም ክራርም ቤቴ ውስጥ የለም። ሁሉም ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «ኮምፒውተር ዘፈን ያስተምራል» ትል ነበር። እኔም ከዚህ የተሻለ አስረድቼ አላውቅም።

ጭብጨባዋ የተገኘችው በአጋጣሚ ነው። አንድ የሠርግ ዘፈን ስሠራ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉት ጭብጨባዎች በሙሉ አስጠሉኝ። ጓንት ያደረጉ ሰዎች የሚያጨበጭቡ ይመስላሉ። ስለዚህ ማይኩን ይዤ ሽንት ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ግድግዳው ሴራሚክ ስለሆነ ድምፅ ያስተጋባል። እዚያ ቆሜ በገዛ እጄ አጨበጨብኩ፤ ሁለቱን ፈጠን፣ ሦስተኛዋን ትንሽ ዘግየት አድርጌ። ጧ ጧ… ጧ! ዘፈኑ ውስጥ አዝማቹ ሊገባ ሲል ሙዚቃው ሁሉ ጸጥ ይላል፤ ጭብጨባዋ ትመጣለች፤ ከዚያ ከበሮው እንደ ናዳ ይወርዳል። በቃ፣ ያ ዘፈን የአዲስ አበባን አዳራሽ ሁሉ አዳረሰ። ሰዎች ዘፋኙን ረሱትና ጭብጨባዋን ያዙ።

ከዚያ በኋላ በሬን የሚያንኳኳ ሁሉ ገና ሳይቀመጥ «ጭብጨባዋ ትገባለች አይደል?» ይለኛል። አንድ ትልቅ ሰው ለአባታቸው ሙት ዓመት የሚሆን መታሰቢያ ዘፈን ሊያሠሩ መጡ። ግጥሙ አንጀት ይበላል። ቀስ ያለ፣ ክራር ብቻ ያለበት ነገር ሠርቼ አሰማኋቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ መሐረባቸውን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ፦

«ጭብጨባዋስ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የሙት ዓመት እኮ ነው።»

«እሱማ ነው» አሉ ትንሽ አሰብ አድርገው፤ «ቀስ ብላ ትግባ።»

ቀስ ብላ ገባች።

አልዋሽም፣ መጀመሪያ ላይ ደስ ይለኝ ነበር። ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ጭብጨባዬ ስትመጣ መሪውን የያዘው ሾፌር በጣቶቹ ሲመታት አያለሁ፤ ልቤ ሞቅ ይላል። ዓመታት ሲያልፉ ግን ነገሩ እንደ ሽሮ ሆነብኝ። ሽሮ እወዳለሁ። በየቀኑ፣ በየቤቱ፣ በየሠርጉ ሽሮ ብቻ ሲቀርብልህ ግን የበላው አንተ ሁን ሽሮው አይታወቅም።

ነገሩን ያከረረው አንድ ደንበኛ ነው። ስልኩን አውጥቶ «እንደዚህ አድርገህ ትሠራልኛለህ?» ብሎ አንድ ዘፈን ከፈተልኝ። አዝማቹ ሊገባ ሲል ሙዚቃው ጸጥ አለ። ጧ ጧ… ጧ!

«ይሄ የኔ ነው እኮ!» አልኩት።

«አይ፣ ይሄን የሠራው ሌላ ልጅ ነው።»

«ጭብጨባዋ ግን የኔ ናት።»

ጨዋ ሰው ነበርና ሊያስቀይመኝ አልፈለገም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሱ ግን ጠራ ያለች ናት» አለኝ።

ደንበኛው ከሄደ በኋላ ማይኩን ይዤ ሽንት ቤት ገባሁ። መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። እውነትም የሱን ያህል አልጠራልኝም። እዚያው ባልዲው ላይ ተቀምጬ፣ የገዛ ራሴ አስመሳይ ሆኜ ከመኖር አዲስ ነገር እሞክራለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ስቱዲዮ የምላት ክፍል ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ላይ በሚወጣው አቀበት፣ አንድ የድሮ ግቢ ውስጥ ናት። ፒያሳ ግማሹ ፈርሶ ሲሠራ የኛ ግቢ ከመንገዱ ጀርባ ስለተደበቀ ተረፈ። ግድግዳዋ ጭቃ ነው፤ እኔ ድምፅ እንዲያፍን ብዬ የእንቁላል ካርቶን ለጥፌበታለሁ። ከግድግዳው ወዲያ የቤቱ ባለቤት እማማ ናቸው የሚኖሩት። እማማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ አሁንም በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናቸውን የማይለቁ ሴት ናቸው። ያቺ መኪና ለዓመታት ጠላቴ ነበረች። ዘፋኙ ዓይኑን ጨፍኖ «ፍቅሬ» ሲል ከግድግዳው ወዲያ ትርርርር ትላለች።

«እማማ፣ አንዴ ይታገሡኝ!» እያልኩ ግድግዳውን እደበድባለሁ።

«ስትጨርስ ንገረኝ!» ይሉኛል።

አዲስ ነገር ለመሥራት ቆርጬ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ በተቀመጥኩበት ጠዋት ግን ምንም አልመጣልኝ አለ። ከበሮ ሳስገባ ሠርግ ይሆናል። ክራር ሳስገባ ሙት ዓመት ይሆናል። እጄን አንስቼ ዝም ብዬ ስቀመጥ ያቺ መኪና ትሰማኛለች። ትክ፣ ትክ፣ ትክትክትክ፣ ትርርርር። ታቆማለች። እማማ ጨርቁን ያዞራሉ። ደግሞ ከማላስበው ቦታ ትነሳለች። ችክችካ አይደለም፣ ዋልትዝ አይደለም፤ ስሙን የማላውቀው ምት ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ የማላውቀው ነገር ሰማሁ። ወዲያው ማይኬን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

ገና ከመለጠፌ እማማ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ።

«ውሃ መጥቷል፣ ጀሪካንህን…» አሉና ማይኩን አዩት። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ማይክ ነው እማማ።»

«ወደ እኔ ቤት ለምን ዞረ?»

«የመኪናዎን ድምፅ ልቀዳ ነው።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ለወረዳ ነው?»

«ምኑ?»

«ድምፅ ረበሸኝ ብለህ ልትከሰኝ ማስረጃ እየሰበሰብክብኝ ነው?»

«ኧረ በፍጹም! ለሙዚቃ ነው እማማ።»

«እኔን ሞኝ አታድርገኝ። የስፌት መኪና ሙዚቃ ብሎ የሚሰማ ማን አለ?»

ማይኩን እንደገና ገላምጠው ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ስቱዲዮ ስገባ መኪናዋ ጸጥ ማለት ጀመረች። ለዓመታት ዝም እንድትልልኝ ስማጸን ኖሬ፣ እንድትጮህልኝ በፈለግኩበት ሳምንት ዝም አለች። እማማ ሲራመዱ እንኳ ኮቴያቸውን ያጠፋሉ። እኔ ሳስል ጠብቀው ያስላሉ፤ ስወጣ ይሰፋሉ። ያለኝ አማራጭ ደንበኛቸው መሆን ብቻ ነበር። አንድ ሱሪ ይዤ ሄድኩ።

«ትንሽ ያሳጥሩልኝ፣ ይረዝማል።»

እሳቸው ሲሰፉ እኔ ስልኬን ሸሚዜ ኪስ ውስጥ አድርጌ አጠገባቸው ቆሜ ቀዳሁ። በማግሥቱ ሌላ ሱሪ። ከዚያ መጋረጃ። መጋረጃው ሲያልቅብኝ የመጀመሪያውን ሱሪ መልሼ ወሰድኩት። እማማ ሱሪውን ወደ ብርሃን አንስተው አዩትና እኔን ከላይ እስከ ታች ቃኙኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ሱሪ አሁን ካጠረ ቁምጣ ነው።»

«ሙቀቱ እየከበደ ነው እማማ።»

ሰፉልኝ። ማታ ቤቴ ስገባ ሚስቴ ቁርጭምጭሚቴን እያየች «ጎርፍ አለ እንዴ ፒያሳ?» አለችኝ። እኔ ግን ደስተኛ ነበርኩ። ቅጂዎቼን ቆራርጬ፣ ገልብጬ፣ ከሥር ዝግ ያለ ቤዝ አስገብቼ፣ ላዩ ላይ በባቲ ቅኝት የሚንከራተት አንድ ድምፅ ጨምሬ ረጅም ነገር ሠራሁ። ዘፋኝ የለውም። አዝማች የለውም። ጭብጨባማ ጭራሽ የለውም።

ይሄን የት ላሰማ? ጓደኛዬ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ውስጥ የድምፅ ሥራውን ይይዛል። ሲሰማው ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ገመዱን አየ፤ ተበላሽቶ መስሎት ነው። ቢሆንም ጓደኛ ነውና «እሁድ ከሰዓት ና» አለኝ። «ቤቱ ጭር ስለሚል ብታበላሽም የምታባርረው ሰው የለም።»

እሁድ ኮምፒውተሬን ተሸክሜ ሄድኩ። ጥግ ላይ አዲስ ፍቅር የጀመሩ የሚመስሉ ሁለት ልጆች ተቀምጠዋል። ባንኮኒው አጠገብ ኳስ እስኪጀመር ቢራ የያዙ ሰዎች አሉ። አንድ መነጽር ያደረገ ፈረንጅ ብቻውን ማኪያቶ ይጠጣል። በሩ አጠገብ ደግሞ እጇን አጣጥፋ አንዲት ዘፋኝ ተቀምጣለች። ድምጿ ግሩም ነው፤ ከኔ ጋር ብዙ ሠርግ አድምቃለች። የታናሽ እህቷ ሠርግ ደርሶ ስለነበር ዘፈን ልሠራላት ቃል ገብቼ «ነገ፣ ነገ» እያልኩ ሳመላልሳት ከርሜያለሁ። የመጣችው ሙዚቃ ልትሰማ ሳይሆን ልትይዘኝ ነው።

ጀመርኩ። ትክ፣ ትክ፣ ትክትክትክ። ከባንኮኒው አንዱ ሰውዬ አስተናጋጇን ጠርቶ «ስፒከሩን አንዴ ምቺው እስቲ» ሲል ሰማሁት። ቀጠልኩ። ቤዙ ገባ። ባቲው መንከራተት ጀመረ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ልክ ነገሩ ሁሉ ሊሰባሰብ፣ ለሳምንታት የለፋሁበት ቦታ ላይ ሊደርስ ሲል መብራት ጠፋ።

ድንገተኛ ጸጥታ ሆነ። ስፒከሩም፣ ማቀዝቀዣውም፣ የቡናው ማሽንም ጸጥ አሉ። እኔ ጣቴ ቁልፉ ላይ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። ከዚያ ፈረንጁ ቀስ ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። ፍቅረኞቹ ተከተሉ። ባለ ቢራዎቹም ሰው ሲያጨበጭብ ዝም ማለት ነውር ስለመሰላቸው አጨበጨቡ። ፈረንጁ ከመቀመጫው ተነሳ። ምን እንደማደርግ ግራ ገባኝና እጅ ነሳሁ።

መብራቱ ሲመጣ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነስቼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ትልቅ ስህተት ነበር። አሁን መብራት ስላልጠፋ እስከ መጨረሻው ሄደ። ሲያልቅ ያጨበጨበ የለም። ዕቃዬን ስሰበስብ ስፒከሩን ያስመታው ሰውዬ መጥቶ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«ፍሬንድ፣ የመጀመሪያው ይሻል ነበር።»

«የቱ?»

«ዝም ያልክበት።»

ዘፋኟም ተከትላው መጣች። «መቼ ነው የሚጀምረው ብዬ ስጠብቅ አለቀ» አለች። «አሁን የኔን ዘፈን ሥራ። ነገ ጠዋት በርህ ላይ ነኝ።»

ነበረች። ግን ያ ሰውዬ ያለኝ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎ አድሯል። የሷን ዘፈን ስሠራ ከበሮው ሥር የእማማን መኪና ቀስ አድርጌ አስገባሁ። ራሷን መነቅነቅ ጀመረች። «ይቺ ትክ ትክ የምትለዋ ምንድን ናት? ትመቻለች!» አለች። አዝማቹ ሊገባ ሲል ሙዚቃው ጸጥ አለ። ትከሻዋን ከፍ አድርጋ ጠበቀች። ምንም ሳይመጣ ከበሮው ወረደ።

«ጭብጨባዋስ?»

«የለችም።»

«የለችም ማለት?»

«ቦታዋ አለ። እሷ ግን የለችም።»

ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። «ስማኝ፣ ሠርጉ የእህቴ ነው። እንግዳው ሁሉ ትከሻውን ሰቅሎ ያንተን ባዶ ቦታ ሊጠብቅ ነው? የቡና ቤቱ ፈረንጅ እኮ አልተጠራም።»

ተከራከርን። ውሃ መጥቶ ሄደ፤ እኛ ገና እንከራከራለን። በመጨረሻ እንዲህ ስትል ፈረደች፦ «ባዶውን ትተወዋለህ፣ እሺ። ግን ሠርጉ ላይ ራስህ መድረክ ላይ ወጥተህ፣ ማይክ ይዘህ፣ ቦታዋ ሲደርስ በእጅህ ታጨበጭባለህ።» ተስማማሁ። ሁለታችንም አንድ ነገር አላሰብንም።

የሠርጉ ቀን ሙሉ ልብሴን ለብሼ መድረኩ ላይ ቆምኩ። ሱሪው እማማ ዘንድ ከተመላለሱት አንዱ ስለሆነ ከፊት ረድፍ የተቀመጡት ካልሲዬን በደንብ አውቀውታል። አዳራሹ ጢም ብሏል። ዘፋኟ ጀመረች። ሙሽራዋ ተነሳች፣ ሚዜዎቹ ተነሱ፣ አክስቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። እኔ ማይኬን በቀኝ እጄ ጨብጬ ቦታዋን እጠብቃለሁ። አንድ ስንኝ ሲቀር ነው የገባኝ፤ ማይክ የያዘ ሰው አያጨበጭብም።

ማይኩን ወደ ግራ እጄ አዛወርኩት። ችግሩ ወደ ግራ ተዛወረ። የማስቀምጥበት ጠረጴዛ ፈለግኩ፤ የለም። ኪሴ ውስጥ ልከተው ሞከርኩ፤ አልገባም። ብብቴ ሥር ልሸጉጠው ስታገል ሙዚቃው ጸጥ አለ። ዘፋኟ ዞር ብላ አየችኝ። ያንን አስተያየት አልረሳውም።

ያኔ አዳራሹ አጨበጨበ። ጧ ጧ… ጧ! ሙሽሮቹ፣ ሚዜዎቹ፣ አክስቶች፣ ሳህን የያዙት እንኳ ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ ጥለው። ሁለቱን ፈጠን፣ ሦስተኛዋን ዘግየት አድርገው፣ ልክ እንደኔ። ማንም አልነገራቸውም። ካሜራማኑም ካሜራውን ለቆ ስላጨበጨበ በሠርጉ ቪዲዮ ላይ በዚያ ሰዓት የሚታየው የአዳራሹ ጣሪያ ብቻ ነው። ከበሮው ሲወርድ ጩኸቱ ሌላ ሆነ።

ዘፋኟ ፊቷ በራ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ማይኩን ብብቴ ሥር አደላድዬ እጄን ስዘረጋ በዓይኗ «ተው!» አለችኝ። ተውኩ። አዳራሹ የበለጠ አጨበጨበ። ሦስተኛው ላይ ግን ደስታው ይዞኝ እኔም ገባሁና አንድ አሳልፌ አጨበጨብኩ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የኔዋ ብቻዋን ጧ! አለች። ሙሽራው ዞሮ አየኝ። ጭብጨባዋን የፈጠርኩት እኔ መሆኔን ማንም አላወቀልኝም፤ እንዳይታወቅም ጸለይኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለማመን ያስቸግራል። ዘፈኑ ወጣ። ዘፋኟ ራዲዮ ላይ ቀርባ «ለሕዝቡ ቦታ መተው አለብን ብዬ ነው ክፍት ያስደረግኩት» አለች። እኔ ስቱዲዮ ሆኜ ስሰማት ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ደውዬም አመሰገንኳት፤ በደንብ ነው ያስረዳችው። ሳምንት ሳይሞላ ደንበኞች መምጣት ጀመሩ። የመጀመሪያው ገና ሳይቀመጥ፦

«ያቺ የሌለችው ጭብጨባ ትገባለች አይደል?» አለኝ።

«የለችም ማለት እኮ አትገባም ማለት ነው።»

«እሱማ ነው። አስገባልኝ።»

አስገባሁለት። ሌላው ከወሰደ በኋላ ተመልሶ «የኔ ባዶ አጠረ፣ የጓደኛዬ ይረዝማል» ብሎ ተቆጣኝ፤ ባዶውን አስረዘምኩለት። ያ ጭብጨባዬን የወሰደው ልጅም ብዙ አልቆየም። አዲሱን ዘፈኑን ሰማሁት፤ ቦታዋ ጋ ሲደርስ ጸጥ አለ። ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ደጋግሜ አዳመጥኩት። ምን ዋጋ አለው፣ የሱ ጸጥታ ጠራ ያለ ነው። በኔው ውስጥ እማማ ከሩቅ ሲያስሉ ይሰማል።

ለእማማም አሰማኋቸው። ጆሮ ማዳመጫውን በሻሻቸው ላይ አድርጌ ከፈትኩላቸው። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«የታለሁ እኔ?» አሉ።

«ይቺ ትክ ትክ የምትለዋ የእርስዎ መኪና ናት።»

ጆሮ ማዳመጫውን አውልቀው መለሱልኝ። «የኔ አይደለችም። የኔ መኪና እንዲህ አትጮህም። ማንም ቢጠይቀኝ ይሄንኑ ነው የምለው።» ክሱ አሁንም ከልባቸው አልወጣም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ደንበኞቼ የሚፈልጉትን እሠራለሁ። ድሮ እንደማማርረው አላማርርም፤ አዳራሹን ካየሁ በኋላ ሰው የሚወደውን ነገር ደጋግሞ መፈለጉ አያናድደኝም። ከሰዓት ደግሞ ማንም ያላዘዘኝን እሞክራለሁ። አብዛኛው አይሆንም። ጓደኛዬ እሁድ እሁድ መድረኩን ይለቅልኛል፤ መብራቱን ግን አሁን ራሱ ያጠፋዋል፣ «ፕሮግራሙ ውስጥ ነው» እያለ።

ባለፈው ሳምንት ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ቆሜ የታክሲ በር እቀዳ ነበር። አንድ አሮጌ ሚኒባስ አለ፤ በሩ ሲዘጋ መጀመሪያ ያቃስታል፣ ከዚያ ይንኳኳል፣ በመጨረሻ ጓ ይላል። ጢሙ ሸበት ያለ ረዳት ነው ያለው። ስልኬን ወደ በሩ ዘርግቼ ቆሜ አየኝ።

«ወንድም፣ ትገባለህ ትቆማለህ?»

«በሩን ልቀዳው ነው።»

«በሩ ምን አደረገ?»

«ድምፁ ደስ ይለኛል።»

በሩን አየው፣ እኔን አየኝ። «ባለንብረቱ አስቀይረው እያለ የሚጮህብኝን በር» አለና ሰፊ ፈገግታ ፈገግ ብሎ ከፈተው፤ በሁለት እጁ ይዞ ጓ አድርጎ ዘጋው። «ገባልህ?»

«አንዴ ድገምልኝ።»

ውስጥ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ በመስኮት ብቅ አሉ። «ልጆቼ፣ ዘፈናችሁን ስትጨርሱ አራት ኪሎ አድርሱን። ቢሮ ረፍዶብኛል።»

«ይግባ በቃ፣ እየሄድን ይቅዳ» አለ ሾፌሩ። ገባሁና በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ረዳቱ በየማቆሚያው አንዴ ረጋ፣ አንዴ ጠንከር እያደረገ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ዘጋልኝ። አራት ኪሎ ስንደርስ ሰው ሁሉ እስኪወርድ ጠበቀና ጎንበስ ብሎ፦

«የቱ ይሻላል?» አለኝ።

«ሁለተኛው።»

«እኔም እሱ መስሎኛል» አለና ወደ ውጭ ዞሮ «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያለ መጣራት ጀመረ።